ከሰኔ በፊት አንድ ጣሪያ፦ ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ የመጣሁበትን ከፊት ላስቀድም። አዌቱ ዳር ያለው አሮጌው ወፍጮ ቤት ሰባት ስምንት ቆርቆሮ ተነቅሎበታል። እባክዎ ከሰኔ በፊት ይከደንልን። የእንግዳ ማረፊያ ይሁን፣ የሰፈር አዳራሽ ይሁን፣ ማን ያስተዳድረው የሚለው ሁሉ ተነጋግረን የምንደርስበት ነው። ዝናቡ ግን ስብሰባችንን አይጠብቅም።

በባጃጅ ሲያልፉ አይተውት ይሆናል። ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ከንቲባ በባጃጅ አይሄድም ካሉኝ ይቅርታ፤ በመኪና ሲሆን ግን አይታይም።

ባለፈው ወር ቁልፉን ከያዙት እናት ጋር ገባሁ። በሩ የሚከፈተው ግማሹን ብቻ ነው፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ሁለቱ የወፍጮ ድንጋዮች እንደተደራረቡ ቁጭ ብለዋል። የላይኛው ትንሽ ገለል ስላለ እጄን አስገብቼ የታችኛውን ዳሰስኩት። ወቃሪው የቀረጻቸው መስመሮች ከመሀል ወደ ዳር እንደወጡ አሁንም በጣት ይለያሉ። ቋቱ ውስጥ እርግብ እንቁላል ጥላለች። ሞተሩ የለም። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ቺንጋው ግን ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ዱቄቱ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ከመድረቁ የተነሳ ኖራ ይመስላል። ከሚዛኑ በላይ ደግሞ በከሰል የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ አራቱ ቆመው አምስተኛው ይሰርዛቸዋል። የዱቤ ሒሳብ ነው። የማን ዕዳ እንደሆነ አልተጻፈም። ከመሀሉ የእናቴም አይጠፋም።

እናቴ እህል አሸክማ ስትልከኝ አንድ ትእዛዝ ነበራት። «ከኛ በፊት ምን እንደተፈጨ እይ።» ከፊታችን በቆሎ ከተፈጨ የመጀመሪያው ዱቄት ይቀላቀላል። በርበሬ ከሆነ ደግሞ አለቀልህ፣ ጤፉን ይዘህ ተመለስ። ስለዚህ ወረፋ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ከማን ኋላ እንደምትቆም መምረጥ ነበረብህ። ያን ጊዜ ሐሙስ ገበያ የመጣው ገበሬ፣ ከፈረንጅ አራዳ የተላከችው ሠራተኛ፣ የቄሱ ልጅና የሼሁ ልጅ እዚያች በር ላይ አንድ ላይ ይቆሙ ነበር። ሰው ሁሉ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ማን ታሞ እንደተኛ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ቡና ፈረሱላው ስንት እንደገባ የምንሰማው እዚያ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቤቱን የሚጥለው ዕድሜው አይደለም፤ ውኃው ነው። ድንጋዮቹ የተያያዙት በጭቃ ነው። ጭቃ ከላይ እስከተከደነ ድረስ ብዙ ዘመን ይቆያል። ጅማ ላይ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። ቆርቆሮው በተነቀለበት በኩል ውኃው ከግድግዳው አናት ገብቶ ጭቃውን ያጥበዋል። በምሥራቁ ጥግ ላይ አንድ ድንጋይ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። ጣት አስገብቼ አይቼዋለሁ፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ባዶ ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ የምንነጋገረው ስለ እድሳት ሳይሆን ስለ ድንጋይ ማንሻ ገልባጭ መኪና ይሆናል።

«ለምን እስከዛሬ ዝም አላችሁ?» ሊሉ ይችላሉ። ዝም አላልንም። ቤቱ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ የመንግሥት ሆኗል። የመንግሥት ሲሆን የሁሉም ይሆናል፤ የሁሉም ሲሆን ደግሞ ማንም ቆርቆሮ አይመታበትም። አምና እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ማመልከቻ ይዘን ዞርን። አንዱ ቢሮ «እኛን አይመለከትም» አለን። ሁለተኛው «ደብዳቤ ከዚያኛው አጽፉ» አለ። ሦስተኛው ጋ ፋይሉ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አዝናልን፣ ማመልከቻውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። እስካሁን ያገኘነው ምላሽ ያ ነው። የማን ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ለክስ አልመጣሁም።

እኔ እንጀራዬ እንግዳ ማስተናገድ ነው። አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ እንግዳ መቀበያው ላይ እቀመጣለሁ። ስለዚህ የምለው ከንድፈ ሐሳብ አይደለም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የሚመጣው ሰው ጅማ ሲደርስ ደክሞታል። ወደ ቦንጋና ካፋ ጫካ፣ ወደ ጨበራ ጩርጩራ፣ ወደ ሃላላ ኬላ የሚያልፈው ሰው እየበዛ ነው። ያድራል፣ ሻወር ይወስዳል፣ ንጋት ላይ ሻንጣውን ጭኖ ይሄዳል። እኛ ጋ የሚያስቀረው የአንድ ሌሊት አልጋና አንድ እንቁላል ፍርፍር ነው።

በቀደም አንድ ቤተሰብ መጣ። አባትየው ልጆቹን እያየ «እዚህ ከተማ ምን የሚታይ አለ?» አለኝ። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነገርኩት። ሄደው ወደዱት። ከሰዓት ተመልሰው «ሌላስ?» አሉኝ። ሙዚየሙን አልኩ። «ከዚያስ?» ዝም አልኩ። የቡና አገር ነን እንላለን፣ የበርጩማ አገር ነን እንላለን፤ እንግዳ ቁጭ ብሎ ቡና ሲቆላ የሚያይበት፣ በርጩማ ጠራቢው ከአንድ ግንድ ሲፈለፍል የሚመለከትበት ቤት ግን በእጄ አልነበረም። በማግስቱ ሄዱ። የምርቃት ሰሞን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወላጅ ከየአገሩ ይጎርፋል፣ አልጋ ይጠፋል፣ መኪናው ውስጥ ያደረ አባት በዓይኔ አይቻለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ረጅም ነው። እህል ይከመርበት የነበረው የጓሮው ክፍል ስድስት ትንንሽ መኝታ ክፍሎች ይወጣዋል። የፊቱ፣ ድንጋዮቹ ያሉበት፣ እንዳለ ይቆይ። እዚያ ቡና ይፈላ፣ ልጆች ያጥኑ፣ እድር ይሰብሰብ፣ የሰፈሩ እናቶች ሽሮና በርበሬ ይሽጡ። እንግዳው ጠዋት ሲነሳ በዚያ በኩል አልፎ ይወጣል። ማኅበረሰቡና እንግዳው በአንድ በር ይጠቀሙ ማለቴ ነው። ለሁለት በር ከተለያየ ሐሳቡ ከሸፈ።

ሒሳቡን ልሥራልዎት፣ ሙያዬ ነው። አንዱ ክፍል በ1,000 ብር ይከራይ እንበል። ዓመቱን ሙሉ ስድስቱ ክፍሎች በአማካይ ግማሽ ጊዜ ብቻ ቢያዙ 1,095,000 ብር ገቢ ይሆናል። ከዚህ ላይ የሠራተኛ፣ የአንሶላ፣ የመብራት፣ የውኃ ይቀነሳል። ትርፉ ማንንም ሀብታም አያደርግም። ግን ጣሪያ ይጠግናል፣ ጥበቃ ይቀጥራል፣ የፊቱን ክፍል በነፃ ክፍት አድርጎ ያቆያል። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። በየዓመቱ በጀት የሚለምን ማዕከል ሁለት ዓመት አይቆይም፣ ስንቱን አይተናል።

ይህ ከጨረቃ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የቆዩ የሐረሪ ቤቶች እንግዳ ማሳደሪያ ሆነዋል፤ ሰው ከፍሎ የሚያድረው መደቡንና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ ፈልጎ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ላንድማርክ ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚፈርሱ አሮጌ ቤቶችን እያነሳ ለዕረፍት ያከራያል። ዛሬ ወደ 200 ቤቶች አሉት። ከነሱ አንዱ ስኮትላንድ ውስጥ ያለ ታንጊ የሚባል የውኃ ወፍጮ ነው። ማሽኑን አልጣሉትም፤ እንግዳው የሚያድረው ጥርሳም ጎማዎቹ መሀል ነው። የኛ ድንጋይ ከዚያ በምን ያንሳል?

አሁን የምፈራውን ልናገር። የመጀመሪያው ሲሚንቶ ነው። ኮንትራክተር ከመጣ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል፣ ለምርቃቱም ያምራል። በጭቃ የታነጸ ግድግዳ ግን መተንፈስ አለበት። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። ጎንደር ፋሲል ግቢ ላይ እንኳን በሲሚንቶ የተሠራው ጥገና በኋላ በኖራ መስተካከል ነበረበት። በጭቃና በኖራ መሥራት የሚያውቁ ግንበኞች ገጠሩ ውስጥ አሁንም አሉ። ይጠሩ።

ሁለተኛው ፍርሃቴ ማማሩ ራሱ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከተማችንን ለውጧታል፤ ማታ በእግር መሄድ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ፕላን ላይ መስመር የሚያሰምረው ሰው ቤቱን «ያረጀ ግንባታ» ብሎ ካለፈው በአንድ ጠዋት ዶዘር ይጨርሰዋል። ወይ ደግሞ ታድሶ ለአንድ ባለሀብት ይሰጥና ማኪያቶው ዋጋው የሰፈሩን ሰው ያባርራል። ቁልፉን የያዙት እናት በር ላይ በዘበኛ ከሚመለሱ ቤቱ ቢፈርስ ይሻላል። ተናድጄ ነው፤ አይሻልም። ግን ገብቶዎታል።

ስለዚህ ከጣሪያው ቀጥሎ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ቤቱ ይመዝገብልን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት የተያዘ ቤት ላይ የጥገና ሥራ የሚሠራው የቅርስ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ነው፤ ምዝገባው ከዶዘሩም ከሲሚንቶውም ይጠብቀናል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጃችን ነው። የሲቪልና የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሜትር ይዘው ቢመጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱን ለክተው፣ ስንጥቁን ቆጥረው፣ ንድፉን ያወጡታል። ለነሱም ትምህርት ነው፣ ለእርስዎም ወጪ የለውም። ሌላው ኪራዩ ነው። ቤቱ አይሸጥ። ከተማው ባለቤት ሆኖ ለሰፈሩ ማኅበር በውል ያከራየው። ውሉ ላይ የፊቱ ክፍል ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን፣ ድንጋዮቹና ሚዛኑ ከቦታቸው እንደማይነሱ፣ ሠራተኞቹ ከሰፈሩ እንደሚቀጠሩ ይጻፍ። ማኅበሩ ካልሠራ ይነጠቅ። እኔም ብሆን።

ጣሪያውን በተመለከተ ለክተነዋል። አሥር ቆርቆሮ፣ ጥቂት ማገርና ሚስማር ነው የሚፈልገው። ገንዘቡን ሰፈሩ ያዋጣል፣ እድሩ ቃል ገብቷል። ከእርስዎ የምንፈልገው መሰላል አቁመን የመንግሥት ቤት ላይ ብንወጣ ደንብ አስከባሪ እንዳያወርደን አንዲት ማህተም ያላት ወረቀት ናት።

ራስዎ መጥተው ቢያዩት ደስ ይለናል። ሐሙስ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ አለ። ቁልፉ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ በቆሎ የሚጠብሱት እናት ጋ ነው። በሩን ሲከፍቱ በቀኝ ትከሻዎ ገፋ ያድርጉት፣ በግራ በኩል ይይዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈሩ ልጅ
ጅማ፣ ሚያዝያ