የሐረር ቤት ከማዕዱ ጋር ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሐረር ጁገል፣ በግንብ ስለተከበበችው ጥንታዊት ከተማ፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ግንቡንና 5ቱን ታሪካዊ በሮች በሚገባ ቢገልጽም፣ «ጌ ጋር» የሚባለውን የሐረሪዎች መኖሪያ ቤትና በውስጡ የሚቀርበውን ምግብ በጥቂት መስመር ማለፉ ተገቢ አልመሰለኝም። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ ከከተማዋ ቅርሶች ሁሉ እጅግ አስደናቂ ተብሎ የተገለጸው የእነዚሁ ቤቶች የውስጥ አሠራር ነው።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በቀይ ቀለም የተዋቡት 5ቱ ነደባዎች፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦች፣ ከፍታቸው የተለያየው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አባወራው፣ ሽማግሌውና እንግዳው እንደየክብራቸው የሚቀመጡባቸው ስፍራዎች ናቸው። ይህ ሥርዓት ሕይወት የሚዘራው ከአብሽ የሚሠራው ሑልበት መረቅ ቀርቦ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ሲቀዳ ነው። በግድግዳው ላይ በልዩ ጥንቃቄ የተሰቀሉት የሐረሪ ሴቶች የስፌት ሥራዎችም ቢሆኑ የዚሁ መስተንግዶ አካል ናቸውና፣ ቤቱን ከማዕዱ ነጥሎ ማስጎብኘት ግማሹን ቅርስ መደበቅ ነው።

ጥገናውም ያሳስበኛል። በድንጋይና በጭቃ የታነጸ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ስለሚቀር፣ ለማጠናከር የታሰበው ሥራ ቤቱን ያዳክመዋል።

ስለዚህ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ ያለውን የስድስት ቀን ጾም ሲፈጽሙ የሚያከብሩት፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሸዋልኢድ በዓል በሚቀጥለው ዓመት ሲከበር፣ ፈቃደኛ የሆኑ ባለቤቶችን መዝግቦ እንግዶች በነደባው ላይ ተቀምጠው በክፍያ የሚመገቡበትን ሥርዓት ቢዘረጋ፣ ገቢው ለምግቡ አዘጋጆች እንዲደርስና ከፊሉ በነባሩ የጭቃና የድንጋይ ሙያ ለሚካሄድ ጥገና እንዲውል ቢያደርግ መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ