ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጊበት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ግፊቱስ ተሻለሽ? እኔም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ሁሉ በቴሌግራም በድምፅ ልልክልሽ እችል ነበር። ግን ድምፅ አንዴ ተሰምቶ ያልፋል። ወረቀት ሱቅሽ ውስጥ ከዱቤ መዝገብሽ ጋር ይቀመጣል፤ ግራ ሲገባሽ አውጥተሽ ታነቢዋለሽ። ያለ መነጽር እንድታነቢው ፊደሉን አጉልቼዋለሁ።

«ከባንክ ነው የምደውለው» ስላለሽ ሰውዬ ከነገርሽኝ ጀምሮ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ሰውዬው እንዳልጣመሽ አውቀሻል። ግን ስልኩን አልዘጋሽበትም። «ሰው እያወራ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር ነው» አልሽኝ። እኛንም ያሳደግሽን እንደዚያ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን የሚነግዱት በዚሁ ጨዋነትሽ ነው። «እማማ» ይሉሻል፣ ጤናሽን ይጠይቃሉ፣ ይመርቁሻል። ከዚያ ማጣደፍ ይመጣል። «ፋይዳዎ ከአካውንትዎ ጋር አልተገናኘም፣ አሁኑኑ ካላስተካከልን ይዘጋል።» እማ፣ ፋይዳን ከባንክ ጋር ማገናኘት እውነት ያለ ነገር ነው፤ ሰው የሚያምናቸውም ለዚያ ነው። ግን መታወቂያሽን ይዘሽ ቅርንጫፍ ብትሄጂ እዚያው ይሠሩልሻል። የሚያጣድፍሽ ሰው ካለ ሌላ ምልክት አትፈልጊ። ዝጊበት። «ደህና ሁን» ማለትም አይጠበቅብሽም። በእኔ ይሁንብሽ፣ ነውር አይደለም።

የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም አትንገሪ። የባንክ ሰው ነኝ ላለ፣ የቴሌ ሰው ነኝ ላለ፣ ለእኔም ቢሆን። በመልዕክት የሚመጣልሽን ኮድም እንደዚያው። «በስህተት ወደ አንቺ ስልክ ኮድ ተልኳል፣ አንብቢልኝ» የሚል ካለ ያ ኮድ የአንቺ ቤት ቁልፍ ነው። ቴሌግራም ላይ የብዙ ሰው አካውንት የሚወሰደው በዚህ ነው። ኮዱን ካነበብሽለት በአንቺ ስም ገብቶ ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» ብሎ ይጽፋል። የአንቺ ስም እዚያ ሰፈር ምን ያህል እንደሚታመን ታውቂያለሽ። ስመጣ በቴሌግራምሽ ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል እናስገባለን፤ ያኔ በኮዱ ብቻ መግባት አይችሉም።

አሁን ወደ ሱቁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር አንቺ ዘንድ የሚሠራው ካሽ ብቻ ነበር። ዛሬ ስኳር የተላከ ልጅ ሳይቀር «በቴሌብር ይሆናል?» ይልሻል። ጥሩ ነው፤ መልስ ፍለጋ ጎረቤት መሮጥ ቀረልሽ። ግን ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ሲያሳይሽ አይተሽ ብቻ ዕቃውን አታስረክቢ። ስክሪንሹት ይቀየራል፤ ስሙም፣ ብሩም፣ ቀኑም። የትናንቱን ደረሰኝ ለዛሬ የሚያሳይም አለ። ብሩ መግባቱ የሚታወቀው በአንቺ ስልክ ነው። የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው። ላኪው በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የሰው ቁጥር ከሆነ፣ ጽሑፉ የፈለገውን ያህል እውነተኛውን ቢመስል አትመኚው። ከተጠራጠርሽ *127# ደውለሽ ቀሪ ሂሳብሽን እይ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። በንግድ ባንክ ከላኩልሽ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ፤ እሱም ቢሆን ከአንቺ አካውንት ጋር ካልተመሳከረ ዋጋ የለውም።

«ኔትወርክ ነው፣ ቆይቶ ይገባል» የሚልሽ ይኖራል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ መልዕክት ይዘገያል። የምታውቂው ሰው ከሆነ ዱቤ ላይ መዝግቢው፣ ሲገባ ትሰርዢዋለሽ። የማታውቂው ከሆነ ዕቃው ይቆየው። ሰው ይቀየመኛል ብለሽ አትጨነቂ። እውነት የከፈለ ሰው ትንሽ መታገሥ አያቅተውም።

«በስህተት ብር ልኬብሽ ነው፣ መልሺልኝ» የሚለውም ያው ነው። መጀመሪያ ሂሳብሽን እይ። አብዛኛውን ጊዜ የገባ ነገር የለም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ሐቅ ነውና አትንኪው፤ ግን በገዛ እጅሽም ወደሰጠሽ ቁጥር አትላኪ። «ወደ ቴሌ ሄደህ አመልክት» በይው።

አንቺም ስትልኪ አትቸኩዪ። የንግድ ባንክ አካውንት 13 አሃዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል። መሐል ላይ አንዷ ከተሳሳተች ብሩ ሌላ ሰው ጋ ሊሄድ ይችላል። ደግነቱ የመጨረሻውን ከመጫንሽ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣልሻል። ስሙን ጮክ ብለሽ አንብቢው። እስከ አያት ስም ድረስ። ለጅምላ አከፋፋዩ ስትከፍዪ በተለይ።

አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። አሁን የሰው ድምፅ በኮምፒውተር መሥራት ተችሏል። የእኔን ድምፅ የሚመስል ድምፅ እያለቀሰ «እማ፣ ሆስፒታል ነኝ፣ ብር ላኪ» ሊልሽ ይችላል። እንኳን አንቺ ማንም እናት እዚያ ላይ ይደነግጣል። ያኔ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ የአያቴ ላም ስሟ ማን ነበር? መልሱን እኔ፣ አንቺና ወንድሜ ብቻ ነን የምናውቀው። እዚህም አልጽፈውም። ካልመለሰ ዝጊና በምታውቂው ቁጥሬ መልሰሽ ደውዪልኝ።

ፓኬጁ ቶሎ የሚያልቅብሽ ከቤተዘመድ ግሩፕ የሚመጣው ቪዲዮ ሁሉ በራሱ እየወረደ ነው። የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እንዲያጠፋልሽ ነግሬዋለሁ። የምትፈልጊውን ብቻ ነክተሽ ታወርጂያለሽ። ፎቶዎችሽ ከስልኩ አይጠፉም፣ አትስጊ።

ስልኩ ቢጠፋ ግን እኔን ለማግኘት ጊዜ አታጥፊ። ከጎረቤት ስልክ 994 ደውለሽ መስመሩን አዘጊ፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሲሙ የወጣው በወንድሜ ስም ነው። የሱቁ ብር በሙሉ ያለው እሱ ቁጥር ላይ ነው፤ ቢጠፋ ምትክ ለማውጣት እሱን ከአረብ አገር መጠበቅ ሊኖርብሽ ነው። ለዒድ ስንሰበሰብ እሱም ይመጣል፣ ሦስታችንም አብረን ቴሌ ሄደን በስምሽ እናዞረዋለን። ፋይዳሽን ከሳጥኑ አውጥተሽ ጠብቂን።

የምትወድሽ ልጅሽ