አባዬ፣ ቅዳሜን ለልጆቹ ተውላቸው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት በስልክ ስለ ዓይንህ ሳነሳብህ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወስደህ አድበሰበስክብኝ። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁት፤ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። እማዬ ጮክ ብላ ታንብብልህ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ባለፈው ስመጣ ከአልጋህ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ያንን አሮጌ የስም መጥሪያ ደብተር ሳልነግርህ ይዤው ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ እስከ ታች የጣት አሻራ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። አንዳንዱ አሻራ ጭቃ ያለበት ይመስላል፣ ከእርሻ በቀጥታ ነዋ የሚመጡት። ገጹን እየገለጥኩ ስሄድ ከአሻራው ጎን አንድ ፊደል ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ሙሉ ስም፣ ያውም ወረቀቱ እስኪበሳ በእስክሪብቶ ተጭኖ የተጻፈ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያለችው የስሟን የመጨረሻ ፊደል ገልብጣ ነው የጻፈችው። እማዬ፣ እዚህ ጋ እንዳትዘይው፣ አንቺ ነሽ።

አባዬ፣ «ምን ሠራሁ ብለሽ ነው» ስትለኝ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

በ1967 የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆነህ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ስትላክ፣ ወደ 60 ሺህ ከሚጠጉት ዘማቾች አንዱ ነበርክ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ለገበሬው ስታነብለት አንድ ሽማግሌ ሦስቴ እንዳስደገሙህ ነግረኸኛል። ሦስተኛውን ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ማንበብ ሳይችሉ፣ ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩት አልከኝ። እኔ ልጅ ሆኜ የአዋጁ ነገር ብዙም አልገባኝም። የሽማግሌው እጅ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል። ዘመቻው አልቆ ጓደኞችህ ሁሉ ወደየቤታቸው ሲመለሱ አንተም ተመለስክ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ግን አስተማሪ ሆነህ እዚያው ሄድክ፣ በዚያው ቀረህ።

የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተሰጠው። ወላይትኛውንም ያስተማርከው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1985 በኋላ የወላይትኛ ትምህርት በላቲን ፊደል ሲሆን ያስተማርካቸው ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን ደብተር ማንበብ አቃታቸው። ስንት ማታ የለፉበት ነገር ከንቱ የቀረ መሰላቸው። አንተ ግን አላኮረፍክም። ፊደሎቹን ከእንግሊዝኛ ታውቃቸዋለህ፣ አጻጻፉ ነው አዲስ የሆነብህ። እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ማታ በኩራዝ መጽሐፌን መሀል አድርገን ስንቀመጥ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ እንደሚደገም ለአንተ ያሳየሁህ እኔ ነኝ። አንተ ስትስት እኔ አርምሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ራስህን ነቅነቅ አድርገህ እንደገና ትጽፋለህ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚልህ ሰው እኮ ነህ!

የቅዳሜው ክፍል የተወለደው እዚያ ነው። ልጆቹን ሰብስበህ እናትና አባታቸውን እንዲያስተምሩ አደረግካቸው። የመሬት ይዞታ ደብተር የታደለ ጊዜም ትዝ ይለኛል። ከሁሉ በፊት የእናታችሁ ስም መግባቱን እዩ ብለህ ላክኸን፤ ከዚያ አዋሳኙን በአራቱም በኩል ማን እንደሆነ ለወላጆቻችን አነበብንላቸው። በድንበር ተጣልቶ ለሽምግልና አንተ ዘንድ የሚመጣ ሰው ከዚያ በኋላ ደብተሩን ይዞ ነበር የሚመጣው። አንድ ኃላፊ ያለ ፈቃድ ነው የምታስተምረው ብሎ ክፍሉን ያስቆመህ ጊዜ እንኳ ደጃችን ካለው ዛፍ ሥር ቀጠልክ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልጅ ሆኜ ቅዳሜን እጠላው ነበር። የሰው ሁሉ አባት ነበርክ፣ ለእኛ የሚተርፈን ማታ ብቻ ነበር። አሁን ራሴ ሳስተምር ነው የገባኝ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል ብሎሃል። ልጆቹን ለማን ልተዋቸው ብለህ ሁለት ዓመት አቆየኸው። ሰሌዳውን እየዳሰስክ እንደምትጽፍ እማዬ ነግራኛለች። አባዬ፣ እነዚህን ልጆች ማስተማርን ያስተማርካቸው አንተ ነህ። አንዱ ለእናቱ ሲያስረዳ ድምፁ ሁሉ ያንተን ይመስላል። ታዲያ ሁለት ሳምንት ያቅታቸዋል?

አዲስ አበባ ግባና ከእኔ ጋር ኑር እያልኩ ስጨቀጭቅህ ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ቤትህ እዚያ ነው። የምለምንህ ለዓይንህ ብቻ ነው።

የፊታችን ሐሙስ እመጣለሁ። ዓርብ ጠዋት ከሶዶ አብረን እንነሳለን። ከትልልቆቹ ልጆች ሁለቱን አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ቅዳሜን እንይዘዋለን ብለዋል። ጠመኔ አልቆብናል ስላሉኝ ሁለት ካርቶን ይዤ እመጣለሁ። ደብተሩንም እመልስልሃለሁ።

እማዬ፣ ወፍራሙን ጋቢ አውጪለት፣ መንገዱ ጠዋት ይበርዳል።

ልጅህ