የወረቀት ኪቦርድ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ኃላፊ፣

የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። የ9ኛ ክፍል የአይቲ መምህር ነኝ። እስካሁን ሦስት ማመልከቻ በእጄ አስገብቻለሁ። መልሱ ሁሌም “በሂደት ላይ ነው” ነው። ሂደቱ ሁለት ዓመት ሞላው። ስለዚህ ዛሬ በአደባባይ ልጠይቅዎ።

ሁለተኛ ደረጃ የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ምን እንደሚል ከእኔ በላይ ያውቁታል። ተማሪው ሠርቶ ያሳይ፣ መምህሩ በተከታታይ ይመዝነው ነው። ስልጠናው ላይ “ንግግር ቀንሱ፣ ልጆቹን አሠሩ” ተባልን። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠን ሰማን።

የእኛ ኮምፒውተሮች ከካርቶን አልወጡም። መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩም ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ኪቦርድ ደብተር ላይ እንሥላለን። አንዷ ተማሪዬ በእስክሪብቶ አሥምራ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጽፋ፣ “ኢንተር”ን በቀይ ቀባችው። “በይ ተጫኚው” አልኳት። በጣቷ ጫን አደረገችና ቀና አለች።

“ቲቸር፣ አሁን ምን ይሆናል?”

በሴሚስተሩ መጨረሻ የብቃት ቅጽ መጣ። “በኮምፒውተር ጽሑፍ ጽፎ ማስቀመጥ ይችላል” ይላል። ለ68ቱም “አይችልም” ብዬ ሞላሁ። ቅጹ “አስተካክለህ አምጣ” ተብሎ ተመለሰ። የሚስተካከለው ኮምፒውተሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምልክቷ ናት። እምቢ አልኩ። የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ወረደ፣ የደረጃ እድገቴም ቀረ። ሁሉንም “ይችላል” ብሎ የሞላው ባልደረባዬ ተመሰገነ። አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት።

እርስዎ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት እንግዲህ የእሱ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። በዓመቱ 3.2 ሆነ። እኛ ምን ያስደነግጠናል? ልጆቹ ከታች ጀምረው እንዴት “አልፈው” እንደመጡ እናውቃለን። ያውም ፈተናው መልስ መምረጥ ብቻ ነው፤ ሠርተህ አሳይ የሚል የለበትም።

ምክር አላበዛም። ቅጹ ላይ “ዕቃው የለም” የምትል አንዲት ሳጥን ይጨመርበት። ውጤቴም ይመለስልኝ።

ኮምፒውተሮቹን ማየት ከፈለጉ የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሲገቡ ብቻ ይጠንቀቁ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣልን የማስተማሪያ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በሩ ላይ ተደግፏል።