«ስንት ጨመረ?» ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በችግር ጊዜ ዋጋ ሲጨምር የምታወጧቸው ዘገባዎች መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አያዩም። ገዢው ግን ቀድሞ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የካናዳ የስልክ መጠይቅ፣ 15 ዶላር ይሸጥ የነበረ የበረዶ መጥረጊያ አካፋ ከበረዶ ውሽንፍር ማግስት 20 ዶላር ሲገባ 82 በመቶው አግባብ አይደለም አሉ። አካፋው እኮ ቀድሞ የገባው ነው! ሰላጣ በማጓጓዣ ችግር በጅምላ 30 ሳንቲም ተወዶ ቸርቻሪው ያችኑ 30 ሳንቲም ሲጨምር ግን 79 በመቶው ተቀበለው። አንድ የመኪና ሞዴል ከገበያ ሲጠፋ ሻጩ በመደበኛው ዋጋ ላይ 200 ዶላር መጨመርን 71 በመቶው ሲቃወም፣ ቀድሞ ይሰጥ የነበረ የ200 ዶላር ቅናሽ ማንሳትን የተቃወመው 42 በመቶው ነው። ለኪስ ያው ነው፣ ለጆሮ ግን አይደለም።

ነጋዴው በድሮ ዋጋ የገባውን ዕቃ ለይቶ በድሮው ዋጋ ይጨርስ፤ ለአዲሱ የጅምላ ደረሰኙን ከመሸጫ ዋጋው አጠገብ ይለጥፍ። ትርፉንም በመቶኛ አያስላ። በ100 ገዝቶ በ120 ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ መግዣው 150 ሲደርስ እንደ ልማዱ 20 በመቶ ጨምሮ 180 ቢል፣ ትርፉ ከ20 ወደ 30 አድጓል። «ወጪ ነው የጨመርኩት» ማለቱ ገዢውን የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው።

አንድ አንባቢ