ለልጄ፦ ከፊትሽ ካለው መኪና ራቂ

ድሬዳዋ፣ ጥር 3 ቀን

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም የሰጣትን መድኃኒት ትታ ወደ ፍል ውኃ ካልወሰድከኝ እያለችኝ ነው። እሱን በሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ከሂዩስተን ለቁልቢ ገብርኤል መጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 19 ከንግሡ እንደተመለስን በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣን፣ ሎስ አንጀለስ አንቺ ዘንድ የሰነበተበትን ጊዜ አጫወተን። ሊያመሰግንሽ ብሎ ነው የተናገረው፤ እንዳትቀየሚው። "እንዴት ያለች ሾፌር ሆናለች መሰላችሁ! የአባቷ ልጅ ናት" አለ። ከፊትሽ ያለው አልለቅ ካለሽ የታርጋው ብሎን እስኪቆጠር ትጠጊዋለሽ፤ መብራት ታበሪበታለሽ፤ ክፍተት ባየሽ ቁጥር ያለ ፍሬቻ ትገቢያለሽ። ስኒዎቹን እንደ መኪና ደርድሮ በመካከላቸው እንዴት እንደምትሾልኪ ሲያሳየን እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የከነከነኝ "የአባቷ ልጅ" ያለው ነው።

ከፊትሽ ካለው መኪና ራቂ። ደብዳቤው ከረዘመብሽ ይህችን ብቻ ያዢ።

በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ዋሽንግተን በነበርሽ ጊዜ እኮ እንዲህ አልነበርሽም። 495 ስለሚሉት ቀለበት መንገድ፣ 103 ኪሎ ሜትር ዞሮ ራሱ ላይ ስለሚገጥመው፣ ስታማርሪኝ ነበር፤ አንዱ ግራውን ረድፍ ይዞ እያዘገመ አልለቅም ይላል፣ ሌላው ተናዶ በቀኝ ያልፈዋል፣ ሦስተኛው ከኋላሽ ተለጥፎ ያስጨንቅሻል እያልሽ። አሁን ሦስተኛው ሰው አንቺ ሆነሽ አረፍሽው።

የሎስ አንጀለሱ ደግሞ ሌላ ጠባይ ነው አሉ። ክላክስ የሚነካ ሰው እምብዛም የለም። ሁሉም ዝም ብሎ ይጠጋል፣ ዝም ብሎ ይገባል። ፍሬቻ ያሳየ ሰው ቦታው ይዘጋበታልና ፍሬቻ ማሳየት ምስጢርን ለጠላት እንደ መንገር ሆኗል። እኛ ዘንድ ክላክስ ሰላምታም ነው፣ ስድብም ነው፣ ደንገጎ ኩርባ ላይ ደግሞ ነፍስ አድን ነው፤ ዝም ብሎ የሚጠጋ ሰው እኔን ይበልጥ ያስፈራኛል። የሂዩስተኑ ዘመድሽ በበኩሉ የእኛ ይብሳል ባይ ነው። ኬቲ የሚባለው መንገዳቸው በሰፊው ቦታ የዳር መንገዱ ሲጨመር 26 ረድፍ ይደርሳል፤ እንዲያም ሆኖ ይጨናነቃል፣ ግንድ የሚያህል ፒክአፕ ከኋላ መጥቶ መብራቱን ስፖኪዮ ውስጥ ይተክልብሃል ይላል። ልብ ብዬ ሰማሁት፤ የየከተማው ሰው "የእኛ ሾፌሮች ይብሳሉ" ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ። እኛም እንዲሁ ነን። ከአዲስ አበባ አዳማ ባለው የፈጣን መንገድ፣ 120 በተፈቀደበት፣ አንዱ በግራው ረድፍ በ70 ሲጎተት ሌላው በ140 መጥቶ ሲለጠፍበት አይቼ ወንድምሽን "ዳር ያዝና አሳልፋቸው" ብዬዋለሁ። የድሬን ባጃጅ ተዪው፤ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስሌቱን ግን አብረን እንሥራ፤ ሒሳብ ትወጂ የለ። የእናንተ 65 ማይል በእኛ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰከንድ 29 ሜትር ትሄጃለሽ ማለት ነው። እግርሽ ነዳጁን ለቆ ፍሬኑን እስኪነካ ያቺ አንድ ሰከንድ አልቃለች፤ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም። የታርጋ ብሎን የሚቆጠርበት ርቀት ስንት ሜትር ነው? የካሊፎርኒያ የአሽከርካሪዎች መጽሐፍ ራሱ በመካከል የ3 ሰከንድ ርቀት ይኑር ይላል፤ ያ ወደ 87 ሜትር ነው።

"አባባ፣ ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባበታል" ትዪኛለሽ። ይግባበት! ከፓሳዴና ወደ ሥራ የምትወርጂበት 110 የሚሉት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1940 የተከፈተ ነው። መግቢያው ከማጠሩ የተነሳ አፉ ላይ "ቁም" የሚል ምልክት ተተክሎበታል፤ ከቆምሽበት ተነስተሽ በሚበር መኪና መካከል ትገቢያለሽ። ታዲያ በየጠዋቱ የምትገቢው በማን ክፍተት ነው? ሌላ ሰው በተወልሽ አይደለም እንዴ? ራቂ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

አሁን ወደ አያትሽ ልምጣ። በደንገጎ ቁልቁለት አንድ ክንድ ሲቀረኝ ያቆምኩበትን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ ልጆች ሳላችሁ በየበዓሉ ንገረን ትሉኝ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ነው፤ የሰው ፔጆ 404 ይዤ የሐረር መስመር እሠራለሁ። አያትሽን ሐረር ከልቅሶ እያመጣኋት ነበር። ከዓለማያ ድንች የጫነ መኪና ከፊቴ አለ፤ ኩርባው አልቆ እስካልፈው ቸኩዬ ተለጥፌበታለሁ። የማየው መንገዱን አይደለም፤ ከጭነቱ ተፈትቶ የሚወዛወዝ የሲባጎ ጫፍ ነው። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ኩርባው ላይ ግመል ገባ፣ ያ ሰው ፍሬን ያዘ፣ እኔም ያዝኩ። በአንድ ክንድ ቆምኩ። መኪናው ጭረት እንኳን አልነካውም። ሻሂ ቤት ገብቼ እጄን ዘርግቼ "በዚህች!" እያልኩ ስንት ዓመት አወራሁት።

ያልነገርኳችሁ አያትሽ ከፊት ወንበር መቀመጧን ነው። ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀኝ እጇን ወደ ፊት ሰድዳ ራሷን ስትደግፍ አንጓዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ጠምሞ ቀረ። ሊጡን በግራ እጇ ምጣድ ላይ ስታዞር አይተሽ "እማማ ለምን?" ብለሽ ስትጠይቂያት "ደረጃ ጥሎኝ ነው የኔ ልጅ" የምትልሽ እኔን ለማዳን ነው። ያኔ የመኪናው ባለቤት ቢሰማ ያባርረኝ ስለነበር ደረጃውን ራሷ ፈጠረችው። እኔም ደረጃውን ተቀብዬ፣ ጀብዱዬን ይዤ ኖርኩ። እስክትሞት አንድም ቀን "እጅሽን ይቅር በይኝ" አላልኳትም። እንጀራዋ አንድ ወገኑ ይወፍር ነበር፤ እናንተ ትስቁ ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ እበላ ነበር።

እንግዲህ ግማሹን ታሪክ ነው ያስተማርኩሽ። የአባቷ ልጅ መባልሽ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የጎማሽን ነፋስ ጠዋት ሳይሞቅ አስለኪ። የፍሬን ሸራሽን አሳዪ፤ እንደዚያ የምትጠጊ ከሆነ አልቋል። የቸኮለ ከኋላሽ ሲመጣ ፍሬቻ አሳይተሽ ወደ ቀኝ ውጪለት፤ መብራት ቢያበራብሽም አትመልሺለት። አንቺም ከፊትሽ ካለው ራቂ፤ ስንተኛዬ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

በርበሬው ከአክስትሽ ልጅ ሻንጣ ጋር ሄዷል፣ በሁለት ፌስታል የታሰረው ያንቺ ነው፤ ሐልዋውን እሱ እንዳይበላው ጠይቂው። ቅዳሜ ስትደውዪ መኪና ውስጥ ሆነሽ ከሆነ ስልኩን አላነሳም። እናትሽም አታነሳም፤ ተስማምተናል፣ ማለትም ነግሬያታለሁ።

የአያትሽን ነገር ለወንድምሽ ገና አልነገርኩትም። ለእሱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንቺ አትቅደሚኝ።

አባትሽ