ቡልቡላ እንዳይቆም፦ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከዝዋይ ሐይቅ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚወርደውን የቡልቡላን ወንዝ ይመለከታል

ክቡራን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ያደግሁት ባቱ ነው። ልጆች ሳለን ከተማውንም ሐይቁንም ዝዋይ ነበር የምንላቸው። አባቴ ከሐይቁ በሞተር ውሃ እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት ያመርት ነበር። ደብተሬም ዩኒፎርሜም የተገዙት በዚያ ቲማቲም ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደብዳቤዬ ገበሬን ለመክሰስ የተጻፈ እንዳይመስል ብዬ ነው። እኔም ከሐይቁ ውሃ ስበው ከኖሩት ቤተሰቦች የተገኘሁ ነኝ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቡልቡላ በጋውንም ጭምር እንዲፈስ የራሱ የውሃ ድርሻ ይቆረጥለት።

ባለፈው በጋ ወደ ሻሸመኔ ስወርድ ቡልቡላ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ከሥር የነበረው ውሃ ቁርጭምጭሚት እንኳ የሚያረጥብ አልነበረም። ከላይም ከታችም የሞተር ድምፅ ይሰማል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይነሳል። በልጅነቴ በዚያው ቦታ እናቶች ልጆቻቸውን «ወደ ውሃው እንዳትጠጉ!» ብለው ይቆጡ ነበር።

ውሃው የሚሄድበትን መንገድ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበዋልና ልግለጸው። መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ካታር ደግሞ ከአርሲ ተራሮች ይነሱና ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ የተረፈው ውሃ በቡልቡላ ወርዶ አብያታ ይደርሳል። ከላንጋኖ ሐይቅም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ትንሽ ይጨመርለታል። አብያታ ግን ወዴትም አይፈስም። የመንገዱ መጨረሻ እሱ ነው። በተፈጥሮ ውሃው ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው በትነት ነው፤ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከላይ የጎደለች እያንዳንዷ ባልዲ አብያታ ላይ ትታያለች።

ታይታለችም። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት አብያታ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ከላይ መስኖው የሚመጣበትን ውሃ ቀነሰበት። ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውለው የሶዳ አሽ ምርት ደግሞ ከራሱ ከሐይቁ እየተሳበ ገንዳ ውስጥ እንዲተን የሚደረግ ውሃ ይፈልጋል። ድሮ ውሃ የነበረበት ቦታ ዛሬ ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ ሜዳ ነው። ንፋስ ሲነሳ አቧራው ዓይን ያቃጥላል።

ፔሊካን የሚባሉትን ዓሣ በል ትልልቅ ወፎች ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፔሊካኖች የሚፈለፍሉት ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነው። ቦታው ሰውም አውሬም በቀላሉ አይደርስበትም። ሻላ ግን ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ጨዋማ ሐይቅ ስለሆነ ጫጩት የሚያሳድግ ዓሣ አይገኝበትም። ስለዚህ ወላጆቹ በየቀኑ እየበረሩ ጎረቤታቸው አብያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አብያታ ሲጎድል ጨውነቱ ከረረ፣ ዓሣውም አለቀ። አሁን ቀለብ የሚፈልጉት ሩቅ ነው፤ እስከ ዝዋይ ድረስ ይመጣሉ። ባቱ ወደብ ላይ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ተሰልፈው የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል። እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር ጫጩቶቹ ትዝ ይሉኛል። እናታቸው ያንን ሁሉ መንገድ በርራ እስክትመለስ ይጠብቃሉ።

«ወደ አብያታ የሚሄደው ውሃ በከንቱ ይባክናል፤ ለእርሻ ይዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከትልልቅ ሰዎችም ሰምቻለሁ። በዚህ ነገር ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሁላችንም ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው።

የዝዋይ ውሃ የማይመረው መውጫ ስላለው ነው። መቂና ካታር ከየተራራው አጥበው የሚያመጡትን ጨው ቡልቡላ ይዞለት ይወርዳል። ቡልቡላ ከቆመ ዝዋይም እንደ አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል። ውሃው ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ዝዋይ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር ሲጎድል ብዙ ነገር ይጎድላል። ጨው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጮኸው ሽንኩርት አምራቹ ነው፤ ሽንኩርት ጨው አይችልም። ስለዚህ ቡልቡላን ማስፈሰስ ለወፍ ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። የአባቴን ማሳም የሚያድን ነው።

የባቱ ሕዝብ የሚጠጣውም ይህንኑ ሐይቅ ነው። «ካልሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል» ለሚል ሰው የእኛን አካባቢ ሰው ጥርስ ይይ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርሳችን የበለዘው ከዚያ የተነሳ ነው። ፍሎራይዱ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ሐይቁን አበላሽተን የምንሸሽበት ንጹሕ ውሃ ከሥራችን የለም።

ዳርቻውም ተራቁቷል። ደንገሉና ፊላው ከማሳ የሚወርደውን አፈርና ኬሚካል የሚያጣራው፣ ቆሮሶ ዓሣም የሚራባበት ቦታ ነበር። አሁን ብዙ ቦታ ላይ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ይታረሳል። ቲማቲም በሽታ ስለሚበዛበት ቶሎ ቶሎ ይረጫል፤ የኬሚካሉ ዕቃም እዚያው ዳር ይጣላል። በዚያው ዳር ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። የዛይ ሕዝብ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ለዘመናት እርከን እየሠራ አርሷል። አፈርን ከውሃ መጠበቅ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሕጉ አለን። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለሰው የቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ውሃ በፈቃድ እንዲወሰድም ያዛል። በውሃ ዳርቻ ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርን መከልከል የሚያስችል ሥልጣንም ሰጥቷል። የጎደለው ቆጠራው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቁ በዓመት ስንት ውሃ እንደሚሳብ ለማወቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። «ይህ እኛን አይመለከትም» ብለው ወደ ሌላ ላኩኝ። ሌላውም ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ አንድ ቁጥር እንኳ ሳላገኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የሂሳብ ደብተር የሌለው ቤት ስንት እንደቀረው አያውቅም።

ስለዚህ ከትንሹ የገበሬ ሞተር እስከ ትልቁ የአበባ እርሻ ድረስ ሁሉም ይመዝገብ፤ ይለካ። በቡልቡላ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ በየወሩ ተለክቶ ለሕዝብ ይገለጽ። ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል መጠን ይወሰንና በድርቅ ዓመትም ይከበር። ቅነሳ ካስፈለገ ከትልልቆቹ ይጀመር፤ ቆጣቢ መሣሪያ የመግዛት አቅም ያላቸው እነሱ ናቸው። ትንሹ ገበሬ ውሃ በቦይ የሚለቀው ጥጋበኛ ስለሆነ አይደለም። የጠብታ መስኖ ውድ ስለሆነበት ነው። ብድር ቢመቻችለት አባቴ ራሱ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ይሆን ነበር።

ሐረማያን እናስታውስ። የሐረር ሰው ይጠጣው የነበረ ሐይቅ ነው። በመስኖና ከኮረብታ በሚወርድ ደለል ተዳክሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ኋላ ተፋሰሱ ላይ ሲሠራ ውሃው ተመልሶ መታየት ጀመረ። እዚህ ግን እስኪደርቅ መጠበቅ የለብንም። ቡልቡላ ገና ውሃ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያዎቻችሁን ስትልኩ በነሐሴ አትላኩ። በክረምት ቡልቡላ ሞልቶ ሲያዩት ያጋነንኩ ይመስላቸዋል። በመጋቢት ይምጡ፤ ጠዋት ሞተሮቹ ከመነሳታቸው በፊት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዴ ይለኩ። ድልድዩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባቱ ልጅ